ዓርብ ዓርብ ዲስክ ይዤ ወደ እብናት

ለአራት ዓመት ያህል ዓርብ ዓርብ ጠዋት ከደብረ ታቦር መናኸሪያ በሚኒባስ ተሳፍሬ እብናት እወርድ ነበር። ይዤ የምሄደው አንዲት መዳፍ የምታክል ዲስክ ነው። በፎጣ ጠቅልዬ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ በሚዘጋ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ከትቼ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጣታለሁ። የሚኒባሱ ረዳት ስለለመደኝ ገና ከሩቅ ሲያየኝ በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ይይዝልኛል። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ዕቃውን እንዳቀፍኩት አይተው፣ ለታመመ ሰው ምግብ እየወሰድኩ እንደሆነ ጠየቁኝ። እንዴት ብዬ እንደማስረዳቸው ቢቸግረኝ አዎ አልኳቸው። እብናት እስክንደርስ በሽተኛዬን እግዜር እንዲምርልኝ ሲለምኑልኝ ሄዱ። ያን ቀን አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ ዛሬ ሳስታውሰው ግን ፈገግ እላለሁ። ከነዚያ ዓመታት ከማስታውሰው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ትዝ የሚለኝ የሚኒባሱ መስኮትና ጭኔ ላይ ያለችው ምሳ ዕቃ ነው።

ከገበሬ ቤት ወጥቼ፣ እዚያው ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ተምሬ፣ የገጠር መጠጥ ውኃ በሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር የተቀጠርኩት። መሥሪያ ቤቱ ምንጭ ያጎለብታል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ፓምፕ ያስተክላል። የኮምፒውተር ባለሙያ እኔ ብቻ ነበርኩ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰርቨር የምንለው ትልቅ ኮምፒውተር አለ፤ የሁሉም ሠራተኛ ፋይል የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። የጉድጓዶቹ ጥልቀት፣ የምንጮቹ ካርታ፣ የመሐንዲሶቹ ንድፍ፣ ከቀበሌ የመጣ ማመልከቻ ሳይቀር ስካን ተደርጎ እዚያ ገብቷል። የዚህ ሁሉ ሌላ ቅጂ ግን የትም አልነበረም። ስለ ባክአፕ፣ ማለትም ስለ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ለፈተና ያህል አጥንቼ ረስቼው ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዷ ጸሐፊ ሳታስበው የአንድ ወረዳ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር በሙሉ አጠፋችው። ሁለታችን እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ብንፈልግ አልተገኘም። እሷ አለቀሰች፤ እኔ ማልቀስ አቃተኝ እንጂ የባሰውስ በእኔ ነበር። ኃላፊያችን ረጋ ያለ ሰው ነው። ማንንም አልተቆጣም፤ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም የሚያደርግ ሐሳብ ጽፌ እንዳቀርብለት አዘዘኝ።

ሐሳቡን ለመጻፍ የትኛው ሰነድ ምን ያህል ጊዜ መቆየት እንዳለበት ማወቅ ነበረብኝና መዝገብ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤቱን የያዙት ሴት እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያ የሠሩ ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል። ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ በበጋም ሹራብ የማያወልቁ ሴት ነበሩ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። መደርደሪያዎቻቸው ግን በጥንቃቄ የተደራጁ ነበሩ፤ ማንም ሰው የአንድን ምንጭ ስም ቢጠራላቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ በስንተኛው መደርደሪያ በስንተኛው ረድፍ እንዳለ ይናገራሉ።

ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ሌላ ኮምፒውተር አምጥተን ከሰርቨሩ አጠገብ እናስቀምጣለን፤ በየቀኑ ሁሉም ፋይል በራሱ ጊዜ ወደሱ ይገለበጣል። በሐሳቤ ኮርቼበት ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ግልባጩን የት ነው የምታስቀምጪው አልሽ?»

«እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እትዬ። አጠገቡ።»

«ያው ጣራ ሥር?»

እሳቸውም በዚያው አንድ ታሪክ አጫወቱኝ። በወጣትነታቸው፣ መዝገብ ቤቱ ሌላ ግቢ ውስጥ ሳለ፣ ከባድ በረዶ ዘንቦ ቆርቆሮውን በሳሳው። ሰኞ ገብተው ሲያዩ ወለሉ ውኃ ሞልቶ፣ ፋይሉ በስብሶ አገኙት። ዋናው ደብዳቤ ከግልባጩ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ስለነበር ሁለቱም አንድ ላይ ነበር የተበላሹት። አንድ ወር ሙሉ ወረቀቱን አንድ በአንድ እየገለጡ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ ከረሙ። ቀለሙ የለቀቀውን ግን ፀሐይ አልመለሰውም። «ከዚያ ወዲህ ዋናውንና ግልባጩን አንድ ቤት አሳድሬ አላውቅም» አሉኝ።

የጻፍኩትን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ።

በስብሰባው ላይ ኃላፊው፣ እኔ፣ እትዬና አንድ መሐንዲስ ነበርን። መሐንዲሱ ብዙውን ጊዜ መስክ የሚውል፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የማያጣው፣ ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ኃላፊው በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ቦታ እየላክን ብናስቀምጥ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበረው፤ የሆነ ስልጠና ላይ ሰምቶ መጥቷል። እኔም በልቤ ደግፌው ነበር። መሐንዲሱ አንዲት ንድፍ በኢሜይል ለመላክ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅበት ተናገረ። ኃላፊው ሞክረን እንየው አለና ሰኞ ዕለት መላክ ጀመርኩ። እስከ ረቡዕ የተላከው ከሩብ አይበልጥም። ሐሙስ ኔትወርክ ጠፋ፤ ጠፍቶም ብዙ ሳምንት ቆየ። ከዚያ በኋላ ያንን ሐሳብ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ቀጥዬ እያንዳንዱን ክፍል እየዞርኩ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ሰርቨሩ ዛሬ ቢቃጠል የስንት ቀን ሥራ ቢጠፋባችሁ ትችሉታላችሁ? ሰው ሁሉ መጀመሪያ አንድም ቀን አንችልም ይለኝና፣ ትንሽ ሲያስብ ያለውን ይተወዋል። መሐንዲሱ ብቻ ሳያመነታ መለሰልኝ። ሳምንት ቢጠፋም ችግር የለም፣ እኛ ወረቀት አለን፣ መልሰን እንጽፈዋለን አለኝ። እሱ ያለውን ጻፍኩ። እቅዱም በዚያው ላይ ተመሠረተ።

በመጨረሻ የወሰንነው ይህ ነው። በየቀኑ ከሥራ መውጫ በኋላ አዲስና የተለወጠ ፋይል ሁሉ ከሰርቨሩ ጋር ወደተገናኘች ዲስክ ይገለበጣል። ይህች ሰው ለሚያጠፋው ነው፤ ጸሐፊዋ ያጠፋችው ዓይነት ቢደርስ በማግሥቱ ይመለሳል። ከሷ ሌላ ሁለት ዲስኮች ተራ እየገቡ በሳምንት አንዴ ሁሉንም ነገር ይይዛሉ፤ አንዷ ደብረ ታቦር ስትሆን ሌላዋ እብናት ትሆናለች። እብናትን የመረጡት እትዬ ናቸው። ቅርንጫፋችን እዚያ ካዝና አለው፤ ደግሞም እብናት ቆላ ቀመስ ናት፣ የእኛ በረዶ እዚያ አይወርድም አሉ። ለሁለት ዲስክ እንዲህ ያለ ምክንያት ሲቀርብ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ኃላፊው ግን ወዲያው ፈረመ።

ሊወጡ ሲሉ እትዬ በር ላይ ቆመው አንድ ነገር ጨመሩ።

«መውሰድሽንማ ሁሉም ያየዋል። እኔ ማየት የምፈልገው መመለስሽን ነው።»

ያሉት የገባኝ ሥራውን ከጀመርን በአራተኛው ወር ነው። ከመደርደሪያቸው አንድ ፋይል መዘዙና የጉድጓዱን ስም ነገሩኝ፤ ይህንኑ ጉድጓድ ከእብናት ከመጣችው ዲስክ ላይ፣ ሰርቨሩን ሳልነካ፣ በሌላ ኮምፒውተር አውጥቼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። እየሳቅሁ ነበር የተቀመጥኩት። ፋይሉ ወጣ። እትዬ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ይዘው፣ በጣታቸው ቁጥር በቁጥር እያመሳከሩ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ወረቀቱ ላይ ፓምፑ ተቀይሯል ይላል፤ ዲስኳ ላይ ግን አሮጌው ፓምፕ ነው ያለው። ፋይሉ የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀሁ። ንድፍ ክፍል ውስጥ አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አያውቅም፤ የጉድጓዶቹ ዋና መዝገብ ከሦስት ወር ወዲህ እሱ ዘንድ ሁልጊዜ ክፍት ነው። የመገልበጫው ፕሮግራም ደግሞ ክፍት ያገኘውን ፋይል ዘሎ ያልፈዋል። መዝለሉን በየቀኑ በትክክል ጽፎልኝ ነበር፤ አንብቤው የማላውቀው እኔ ነኝ። «ተጠናቋል» የሚለውን የመጨረሻውን መስመር እያየሁ ነበር ወደ ቤቴ የምሄደው።

እትዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ግን ፋይላቸውን አጥፈው እቅፋቸው ውስጥ አድርገው፣ ዛሬ ማወቃችን ደግ ነው፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ እጠይቅሻለሁ ብለው ወጡ። ጠየቁኝም። በየወሩ፣ ጡረታ እስከወጡበት ቀን ድረስ፣ አንድም ወር ሳይዘሉ ጠየቁኝ። በኋላ በኋላ ያንን ቀን እንደ ዓውደ ዓመት መጠበቅ ጀምሬ ነበር። ፋይሉ ወጥቶ ከወረቀቱ ጋር ሲስማማ መነጽራቸውን አውልቀው ስለዚያ ጉድጓድ ወይም ምንጭ የሚያውቁትን ያጫውቱኛል። ማን እንዳመለከተ፣ ስንት ጊዜ ደጅ እንደጠና፣ ውኃው ሲወጣ ካህናቱ እንዴት እንደባረኩት። ከዚያ በፊት ለእኔ ፋይል ማለት መጠንና ቀን ብቻ ነበር።

ስለ ዓርብ ደግሞ ምኑን ልናገር። ከደብረ ታቦር ስነሳ ሹራቤ ላይ ጋቢ ደርቤ ነው። መንገዱ ቁልቁል እየወረደ ሲሄድ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ሹራቡን አወልቃለሁ፤ እብናት ስንደርስ እጅጌዬን ሰብስቤ ነው የምወርደው። ገብሱ በጤፍ፣ ጤፉ በማሽላ ሲተካ በመስኮት አያለሁ። የገበያ ቀን ሲሆን በሬና ፍየል የሚነዳው ሰው መንገዱን ይሞላውና ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ በዝግታ ያልፋል። ሚኒባሱ ውስጥ የማላውቀው ሰው እየቀነሰ መጣ። የማን ልጅ እንደታጨች፣ የማን ላም መንታ እንደወለደች የማውቀው ከዓርብ ዓርብ ነበር።

እብናት ካዝናውን የሚይዙት የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ኮታቸውን በዚያ ሙቀት እንኳ የማያወልቁ አዛውንት። ዲስኳን ስሰጣቸው የገቢ ደረሰኝ ይጽፉልኛል፤ ያለፈውን ሳምንት ዲስክ ሲያወጡልኝ የወጪ ደረሰኝ ያስፈርሙኛል። ያቺው ዲስክ፣ ያው እኔ፣ ያው እሳቸው፣ በየሳምንቱ ሁለት ደረሰኝ። አንዴ በአንድ ደረሰኝ ብናደርገውስ ብዬ ጠይቄያቸው፣ የገባና የወጣ አንድ ነው ወይ ብለው መልሰው ጠየቁኝ። ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ቤት ገብቼ የጾም ሽሮዬን በልቼ፣ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ሽቅብ እመለሳለሁ።

መብረቁ የወደቀው በሁለተኛው ዓመት ክረምት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ዝናቡ ገና አልጀመረም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ክፍሉ ነጭ ሆነ፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ መብራት ጠፋ። ሮጬ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ስገባ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ሰርቨሩ ተቃጥሏል። ከሱ ጋር በገመድ የተያያዘችው የየቀኑ ዲስክም አብራው ሄዳለች። ከሁለቱ የሳምንት ዲስኮች አንዷ መሳቢያዬ ውስጥ ተርፋለች፤ ግን የያዘችው የሁለት ሳምንት አሮጌ ነው። ያለፈውን ሳምንት የያዘችው እብናት ናት።

ሠራተኛው ኮሪደር ላይ ተሰብስቦ ያየኛል። እትዬ መጥተው ክንዴን ያዙኝና ለሰዎቹ፣ ነገ ዓርብ ነው፣ ትሄዳለች፣ ይዛ ትመጣለች አሏቸው። እንደማንኛውም ዓርብ አስመስለው ነው የተናገሩት። ሰዉም ተበተነ።

በማግሥቱ መንገዱ ላይ አፈር ተንዶ ነበር። ሚኒባሱ ቆመ፤ በጭቃው ውስጥ በእግር ተሻግረን በወዲያኛው በኩል ሌላ መኪና ያዝን። እብናት የደረስኩት ከሰዓት ነው። ለንብረት ክፍል ኃላፊው የሆነውን ነገርኳቸውና ዲስኳን ጠየቅሁ። ዲስክ ሳታስገቢ ዲስክ ልታወጪ ነው? አሉኝ። ሥርዓቱ አንዷ ስትገባ አንዷ ትውጣ ነው የሚለው፤ እኔ ደግሞ በድንጋጤ ሌላዋን መሳቢያዬ ውስጥ ትቻት መጥቻለሁ። ከኃላፊዬ ደብዳቤ እንዳለኝ ጠየቁኝ። የለኝም። ስልክ ሞከሩ፤ ኔትወርክ የለም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጭቃ የለበሰ ቀሚሴንና ባዶውን ምሳ ዕቃ ብዙ አዩት። ኋላ ተነስተው ካዝናውን ከፈቱ።

«ደብዳቤው ሰኞ ይድረሰኝ» አሉ። የወጪ ደረሰኙን ጽፈው አስፈረሙኝ። እሳቸው በሥራ ዘመናቸው ካለ ደብዳቤ ያወጡት ዕቃ ያ ብቻ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ።

ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከንድፍ ክፍል በተወሰደ ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ ሁሉንም መለስኩ። ሳደርገው የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ በየወሩ በአንድ ፋይል ተለማምጄዋለሁ፤ ያን ቀን የተለየው ብዛቱ ነው። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ ፎልደሩ በየስሙ ተቀምጦ ጠበቀው። እስካለፈው ዓርብ ያለው ሁሉ አለ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው የለም። እሱን ሁሉም ወረቀቱን አውጥቶ እየተነጫነጨ መልሶ ጻፈው፤ እስከ ረቡዕ አለቀ።

መሐንዲሱ ግን አልተነጫነጨም። መጥቶ በሬ ላይ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያናግረኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። መብረቁ ከመውደቁ በፊት ባለው ሳምንት ከእብናት ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ የአዲስ ጉድጓድ ሙከራ ሠርቶ ነበር። ፓምፕ ቀንና ሌሊት ውኃ ሲስብ ይቆይና፣ የውኃው ከፍታ በየደቂቃው ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። የሚተከለው ፓምፕ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ ስንት ሜትር እንደሚወርድ የሚወሰነው በዚያ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ቁጥሩን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አስገባ። ወረቀቱ ዝናብ ነክቶት፣ ጭቃ ይዞት ስለነበር ከጻፈ በኋላ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ግቢ ጠራጊዋ ሐሙስ ጠዋት አቃጥላዋለች። የሙከራው መሣሪያና ሠራተኞቹ ደግሞ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ሌላ ዞን ሄደዋል፤ ከመስከረም በፊት አይመለሱም።

«ሳምንት ቢጠፋ ችግር የለም ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለኝ።

ጽፌ የተቀበልኩትም እኔ ነኝ አልኩት። ከሱ ይልቅ እኔን ነበር የሚያንገበግበኝ፤ ሰው ስለ ራሱ ሥራ ያለውን ሳልመረምር የእቅድ መሠረት ማድረጌ። ኃላፊው ለቀበሌው ሰዎች ፓምፑ እንደሚዘገይ ሄዶ እንዲነግራቸው አዘዘው። አብሬው ለመሄድ ለመንኩ። ኃላፊው ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ከመኪናው ወርደን አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ጉድጓዱ አፉ በብረት ተከድኖ፣ በእሾህ ታጥሮ ጤፍ ማሳ ዳር ተቀምጧል። ስሙን በዲስክ ላይ ስንት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ሰዎቹ ከዚያ በታች ካለች አነስተኛ ምንጭ ጀሪካን ሞልተው ሽቅብ ሲወጡ አየሁ። የውኃ ኮሚቴው የጉድጓዱ ጠባቂ አድርጎ የመረጣት ሴት መጣች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳ፣ ከእናቷ ጋር የምትኖር። መሐንዲሱ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሆነውን ሳይሸፍን ነገራት። ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ ፓምፑ እስከ በጋ ላይመጣ እንደሚችል።

«ሲለኩ ይጠሩት የነበረው ቁጥር ነው የጠፋባችሁ?» ብላ ጠየቀችው።

አዎ አላት። ወደ ቤቷ ሄደችና የልጆች ደብተር ይዛ ተመለሰች። ከላይ ከግራ ሰዓቱ፣ ከቀኝ ቁጥሩ፣ ገጽ በገጽ፣ በቀጥ ያለ መስመር ተጽፏል። መሐንዲሱ በሙከራው ቀን ቁጥሩን ለረዳቱ ጮክ ብሎ ሲጠራ እሷም አጥሩ ሥር ተቀምጣ ትጽፈው ነበር። ማንም አላዘዛትም። ለምን እንደጻፈች ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች።

«እዚያ በነበርኩበት ቤት፣ ያልጻፍኩትን ሥራ አልሠራሽም ይሉኝ ነበር። የዋልኩትን ሁሉ መጻፍ ለመደብኝ» አለች።

መሐንዲሱ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እየገለጠ፣ የሚያስታውሰውን ከተጻፈው ጋር ያስተያይ ጀመር። ሁለት ቦታ ላይ ጎደሎ አለ፤ አንዱ ላም ልታልብ የሄደችበት፣ ሌላው ደክሟት ያሸለበችበት ነው። ያን ከወዲህና ከወዲያ ባለው ቁጥር ሊሞላው እንደሚችል ነገረን። ደብተሩን ይዞ ለመሄድ ጠየቃት። እምቢ አለች፤ ገልብጡት እንጂ አትውሰዱት አለችን። የእትዬ አነጋገር መሰለኝና ሳቅሁ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ እኔ እያነበብኩ እሱ ጻፈ፤ ሲጨርስ እሱ እያነበበ እኔ አመሳከርኩ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። እናቷ ጠላ አመጡልን። ስንሄድ መሐንዲሱ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳት።

ለእትዬ ይህን ስነግራቸው ሁለት ጊዜ እንድደግምላቸው አደረጉኝ። ከዚያ ትልቅ ካርቶን አምጥተው መዝገብ ቤቱ በር አጠገብ አስቀመጡ። ከመስክ የመጣ ወረቀት፣ ጭቃም ይንካው ዝናብ፣ በላዩ ያለውን የያዘችው ዲስክ እብናት መድረሷን በደረሰኝ ሳያዩ እንደማይጣል ለሁሉም ክፍል ተናገሩ። የየቀኑን ዲስክ ደግሞ ገልብጣ ስትጨርስ ከገመዱ ነቅዬ፣ በግቢው ወዲያ ማዶ ባለው የእሳቸው ክፍል እንድቆልፋት ተስማማን። እቅዱ ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጨመርኩ። ሌላውን አልነካሁትም። ፓምፑም ከክረምቱ መውጫ በፊት ተተከለ፤ መሐንዲሱ ውኃው ሲወጣ የተነሳውን ፎቶ ይዞልኝ መጣ፤ ጠባቂዋ ከቧንቧው አጠገብ ቆማ፣ ካሜራውን ሳይሆን ጀሪካኑን ነበር የምታየው።

እትዬ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ናቸው። የእብናቱ ሰውዬም ወደ አገራቸው ተመልሰው እርሻቸውን ይዘዋል ሲሉ ሰማሁ። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሥርዓት አስገብቷል፤ ፋይሉ በመስመር፣ በየሰዓቱ፣ አይቼው ወደማላውቀው ቦታ ይሄዳል። መስመሩ ሲቋረጥ እዚሁ ያለ ሌላ ማሽን ይዞ ይቆየዋል። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ካለፈው ይሻላል፤ ስገመግመውም ደግፌ የፈረምኩ እኔ ነኝ። የመጨረሻዋን ዲስክ ከእብናት ይዤ የተመለስኩ ዓርብ ሽቅቡን መንገድ ሙሉ በመስኮት ሳይ መጣሁ። ጋቢዬን የት ላይ እንደምደርበው አውቀው ነበርና፣ ብርዱ ሳይመጣ ቀድሜ ለበስኩት።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ የተቀጠረ ንድፍ ሠሪ ፊቱ ደም የሌለው ሆኖ ወደ ክፍሌ ገባ። የወሩን ሥራ የያዘ ፎልደር ተሳስቶ አጥፍቷል። ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። ስሙን ጻፍኩ፣ የትናንቱን ቀን መረጥኩ፣ ሁለት ቦታ ተጫንኩ፤ ገና ቁና ቁና ሲተነፍስ ፎልደሩ ተመልሶ መጣ። ከፍቶ አየው፤ ምንም አልጎደለም። እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ወጣ። ከየት እንደመጣለት አልጠየቀኝም። እኔ ግን ከሄደም በኋላ ፋይሉን አልዘጋሁትም፤ የአንዲት ምንጭ ንድፍ ነበር፤ ስሟን ሳነበው የት እንዳለች አላወቅሁትም፤ ማን እንዳመለከተላትም የሚነግረኝ አልነበረም።